የትኛው መሪ ይሻላል? ከመምረጥዎ በፊት ካቦውን ይለኩ

የሞተር ሳይክል መሪ ለመቀየር የተነሳ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ምርጫውን የሚጀምረው ከመልኩ ነው። ዝቅ ያለ ይሁን ወይስ ሰፊ? ጥቁር ወይስ የሚያብረቀርቅ? መሪው ራሱ ግን አራት ቡሎን ፈትቶ አራት ቡሎን የማሰር ጉዳይ ነው። ሥራውም፣ ወጪውም፣ አደጋውም ያለው መሪው ላይ በሚንጠለጠሉት ነገሮች ላይ ነው፦ የጋዝ ካቦ፣ የፍሪሲዮን ካቦ፣ የፊት ፍሬን ካቦ ወይም የዘይት ቱቦ፣ የማብሪያ ማጥፊያዎቹ ሽቦዎች። እነዚህ ሁሉ የተቆረጡት በፋብሪካው መሪ ልክ ነው። ስለዚህ ከታች ያሉትን አማራጮች ስናወዳድር ከሁሉ አስቀድመን የምንጠይቀው ይህ መሪ ያሉትን ካቦዎች እንዳሉ ይቀበላል ወይስ አዲስ ያስገዛል የሚለውን ነው።

በአብዛኛው የምንናገረው በከተማም በገጠርም ሥራ ላይ ስላሉት ከ100 እስከ 200 ሲሲ ሞተሮች ነው፤ ባጃጅ ቦክሰር፣ ቲቪኤስ፣ ትንንሾቹ ያማሃና ሆንዳ፣ የቻይና ስሪቶቹም። ትልልቆቹ ላይ መርሁ ያው ነው፤ የሚለየው ቁጥሩ ነው።

ከመግዛት በፊት የሚለካው

መጀመሪያ ውፍረቱ። በእነዚህ ሞተሮች ላይ የሚገኘው መሪ 22.2 ሚሊ ሜትር ነው፤ በኢንች ሰባት ስምንተኛ ማለት ነው፣ ሻጮች በአጭሩ «22» ይሉታል። 25.4 ሚሊ ሜትር የሆነው ባለ 1 ኢንች መሪ የሃርሊ ዴቪድሰንና የአንዳንድ ትልልቅ ክሩዘሮች ነው። 28.6 ሚሊ ሜትር የሚባለው ደግሞ መሃሉ ብቻ ወፍራም ሆኖ እጅ የሚይዝበት ጫፍ ላይ ወደ 22.2 የሚቀጥን ነው፤ የፍሬንና የፍሪሲዮን ማንሻዎቹና የእጅ ላስቲኮቹ ስለዚህ ያለ ችግር ይገቡበታል፣ መሪውን ከሞተሩ ጋር የሚያስረው መያዣ ግን አይገጥመውም። በዓይን 22ን ከ25 መለየት ያሳስታል፤ በካሊብሮ ይለኩ። ቀጭን መሪ ላይ ከጣሳ የተቆረጠ ቆርቆሮ ጠቅልሎ በሰፊ መያዣ ማሰር የሚታይ ነገር ነው። ቆርቆሮው በንዝረት እየላላ ይሄድና ጉድጓድ ላይ የፊት ፍሬን ሲያዝ መሪው በመያዣው ውስጥ ወደ ፊት ይዞራል። ልኩን የሚያቀራርብ ቀለበት ካስፈለገ በቶርኖ የተሠራ፣ ከመያዣው ወርድ ጋር እኩል የሆነ መሆን አለበት።

ሁለተኛው የቀጥታው ክፍል ርዝመት ነው፤ ከመሪው ጫፍ እስከ መጀመሪያው እጥፋት ያለው። ላስቲኩ 12 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ይወስዳል፣ የመብራት ማብሪያ ቤቱ 4፣ የማንሻው መያዣ 3። በድምሩ በእያንዳንዱ ወገን 19 ወይም 20 ሴንቲ ሜትር ቀጥ ያለ ቦታ ያስፈልጋል። ብዙ ዝቅተኛ መሪዎች ይህን አያሟሉም። ያን ጊዜ የማንሻው መያዣ እጥፋቱ ላይ ይወጣና በአንድ ጠርዝ ብቻ ይይዛል፤ ቡሎኑን ቢያጠብቁት መያዣው ይሰነጠቃል፣ ቢያላሉት ይዞራል።

ሦስተኛው ብዙ ሰው የሚዘለው ነው። የማይለጠጥ ሲባጎ ይያዙ። አዲሱን መሪ በመያዣው ላይ ለጊዜው ያስሩ፤ መሪው ገና እጅዎ ካልገባ ቀጭን የብረት ዘንግ በሚፈልጉት ቅርጽ አጥፈው ይሰሩበት። ሲባጎውን የካቦው ሽፋን ከሚጀምርበት ከማንሻው አንስተው፣ ካቦው በእውነት በሚሄድበት መንገድ፣ ሽፋኑ እስከሚያበቃበት እስከ ካርቡራቶሩ ወይም እስከ ፍሪሲዮኑ ድረስ ይዘርጉ። መሪውን ሙሉ በሙሉ ወደ ግራ አዙረው ይለኩ፣ ሙሉ በሙሉ ወደ ቀኝ አዙረውም ይለኩ። የሚበልጠውን ልክ ይውሰዱ፤ አንድ ወይም ሁለት ሴንቲ ሜትር ይጨምሩበት። ይህን ቁጥር ከአሮጌው ካቦ ሽፋን ርዝመት ጋር ሲያስተያዩ መሪው ስንት እንደሚያስወጣዎ ገንዘብ ሳይከፍሉ ያውቁታል።

የፋብሪካው ዓይነት መሪ

ለሥራ ሞተር በአብዛኛው ትክክለኛው ምርጫ ይህ ነው፤ ስለማያምር ብቻ ሊተው አይገባውም። ካቦ አይነካም፣ ሽቦ አይነካም፣ ማብሪያ ማጥፊያው የሚገባበት ቀዳዳ ተበስቶ ይመጣል። መሪ መቀየር የሚፈልጉ ብዙ አሽከርካሪዎች በእውነት የሚያስቸግራቸው የእጅ አንጓ ወይም የትከሻ ሕመም ነው። ይህ ደግሞ ምንም ሳይገዙ ሊስተካከል ይችላል። የመያዣውን ቡሎኖች አላልተው መሪውን ጥቂት ዲግሪ ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ያዙሩት። ከዚያም የፍሬንና የፍሪሲዮን ማንሻዎቹን ዝቅ አድርገው ኮርቻው ላይ ተቀምጠው ጣት ሲዘረጉ አንጓዎ ሳይታጠፍ ከክንድዎ ጋር ቀጥ ብሎ እንዲደርስባቸው ያድርጉ። ማንሻዎቹ ወደ ላይ ቀና ብለው የሚመጡበት ሞተር ብዙ ነው፤ እጅ የሚደነዝዘውም ከዚያ ነው።

በመውደቅ የጎበጠ መሪ ከሆነ ግን መተካት ነው። የብረት መሪ በእሳት አሙቆ ማቃናት ብረቱን ያለሰልሰዋል፤ በቀዝቃዛውም ቢሆን ታጥፎ የተመለሰበት ቦታ ላይ የማይታይ ስንጥቅ ሊጀምር ይችላል።

ዝቅተኛ ቀጥ ያለ መሪ

ከተማ ውስጥ በመኪኖች መሃል ለሚንቀሳቀስ፣ ጠባብና ንቁ አያያዝ ለሚወድ ሰው ጥሩ ነው። የሰውነት ክብደት ግን ወደ አንጓ ይመጣል፤ ቀኑን ሙሉ ዕቃ የሚያመላልስ ሰው ይደክመዋል። በእኛ መለኪያ ደግሞ ዝቅተኛ መሪ ካቦውን ያስረዝመዋል። መሪው 6 ሴንቲ ሜትር ሲወርድ ካቦዎቹ ያን ያህል ትርፍ ይኖራቸዋል፤ ትርፉ የፊት መብራቱ ፊት ቀለበት ሠርቶ ይቆማል ወይም በመሪው አንገት አጠገብ በጠባቡ ይታጠፋል።

ትርፍ ካቦ ከአጭር ካቦ የተሻለ ነው ብሎ መተው ልማድ ነው፤ እውነትነቱ ግን ግማሽ ነው። ውስጠኛው ሽቦ ሲሳብ በእያንዳንዱ እጥፋት ላይ የሽፋኑን ግድግዳ ይጫናል። ሰበቃውን የሚወስነው የካቦው ርዝመት ሳይሆን የእጥፋቶቹ ማዕዘን ድምር ነው። ስለዚህ አንድ ተጨማሪ ሙሉ ቀለበት ፍሪሲዮኑን በግልጽ ያከብደዋል፤ የጋዝ ካቦውን ደግሞ እጅ ሲለቀው ቶሎ እንዳይመለስ ያደርገዋል። የካርቡራቶሩ ሞላ ደካማ ነው፣ ከብዙ እጥፋት ጋር መታገል አይችልም። ትርፉ እስከ 4 ወይም 5 ሴንቲ ሜትር ከሆነ በሰፊ ቅስት ሊዋጥ ይችላል። ከዚያ በላይ ከሆነ ካቦው ማጠር አለበት።

የፊት ፍሬኑ የታምቡር ከሆነ፣ እንደ ቦክሰሩ ማለት ነው፣ ተጨማሪ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ያ ካቦ ከመሪው ወደ ተሽከርካሪው ይወርዳል፤ አሞርዛተሩ ሲታመቅ ጎማው ወደ ላይ ይመጣና ትርፉ ካቦ ወደ ውጭ ይጎብጣል። በመቆሚያው ላይ ሆኖ ደህና የመሰለ ካቦ ጉድጓድ ላይ ሲደርስ ጎማውን ሊነካ ይችላል። ሁለት ሰው መሪው ላይ ተጭኖ አሞርዛተሩን እስከ ታች ሲያወርደው ሌላው ካቦውን እያየ ይፈትሽ።

ከፍ ያለና ሰፊ የኢንዱሮ መሪ

ኮረኮንች መንገድ ለሚበዛበት፣ ከከተማ ወጥቶ ወደ ቀበሌዎች ለሚሄድ ሰው የምንመክረው ይህን ነው። ፔዳሉ ላይ ቆሞ መንዳት ያመቻል። ጎማው ድንጋይ ላይ ሲንሸራተት ሰፊው መሪ ለእጅ ጉልበት ይሰጣል፤ መሃሉ ላይ ያለው ተሻጋሪ ብረት ደግሞ ሲወድቅ መጉበጥን ይከላከላል። ስፋቱ 80 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ብዙ ነው፤ ጠባብ ቦታ የሚገባ ሰው ከሁለቱም ጫፍ እኩል እኩል ይቆርጣል። በአንድ ጊዜ ከእያንዳንዱ ጫፍ 1 ሴንቲ ሜትር ብቻ ይቁረጡ፣ ይንዱበት፣ ከዚያ ይወስኑ። ቆርጦ መጨመር የለም። በሴጌቶ ሲቆርጡም የቀጥታውን ክፍል 20 ሴንቲ ሜትር አይርሱ።

ችግሩ ካቦው ያጥራል። አጭር ካቦ የሚያደርሰው ጉዳት ከከባድ ፍሪሲዮን ይብሳል። መሪው ሲዞር ሽፋኑ ይወጠራል፤ የተወጠረ ሽፋን ውስጡን ሽቦ መሳብ ማለት ነው። የጋዝ ካቦው አጭር ከሆነ አሽከርካሪው ምንም ሳይነካ መሪው ሲዞር ብቻ ሞተሩ ይጮኻል፤ ይህም የሚሆነው መንገድ መሃል ዞሮ ለመመለስ ሲሞክር፣ ሞተሩ ዘንበል ባለበትና እግር መሬት በሚፈልግበት ሰዓት ነው። የፍሪሲዮን ካቦ ሲያጥር ፍሪሲዮኑ በከፊል ተከፍቶ ይንሸራተታል፣ ዲስኮቹም ቀስ በቀስ ይቃጠላሉ። የታምቡር ፍሬን ካቦ ሲያጥር ደግሞ የፊት ጎማው በየመዞሪያው በራሱ ይያዛል።

በትንንሾቹ ሞተሮች ላይ ካቦው ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ይችላል፤ መንገዱን በማሳጠር ማለትም ከመብራቱ ፊት ይዞር የነበረውን ከኋላው በማሳለፍ ትንሽ ይገኛል። 5 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ከሆነ ሦስቱንም ካቦ ለመቀየር ተዘጋጅተው ይግቡ። ከመደብር ሲጠይቁ በሞተሩ ስም ብቻ አይግዙ፤ የኢንዱሮ ቅርጽ ያላቸው የአንድ ፋብሪካ ሞተሮች ካቦ ረዘም ያለ ስለሆነ የሽቦው ራስ (ጫፉ ላይ ያለው፣ ማንሻው ቀዳዳ ውስጥ የሚቀመጠው ትንሽ ብረት) እና የሽፋኑ ጫፍ ከገጠሙ ያ ይሠራል። አሮጌውን ካቦ ይዘው ሄደው ጎን ለጎን ማስተያየት ነው።

ባለ 28.6 ወፍራም አልሙኒየም

ጠንካራ ነው፣ ቀላል ነው፣ ተሻጋሪ ብረት አይፈልግም። ለትልቅ ኢንዱሮ ሞተር ገንዘቡን ያወጣል። ለቦክሰር ወይም ለቻይና 150 ግን ጥቅሙ ከወጪው ጋር አይመጣጠንም ብለን እናምናለን፤ የፋብሪካው መያዣ ለ22 ስለሆነ ከፍ ማድረጊያ መያዣ መግዛት ግድ ነው። ያ መያዣ ደግሞ ብቻውን መሪውን ከ2 እስከ 4 ሴንቲ ሜትር ያነሳዋል። ሰዎች የመሪውን ከፍታ ብቻ አስልተው የመያዣውን ይረሱና ካቦው አልደርስ ሲል ይገረማሉ።

ስለ አልሙኒየም አንድ ሊታለፍ የማይገባ ነገር አለ። ብረት ከመሰበሩ በፊት ይጎብጣል፣ ማስጠንቀቂያ ይሰጣል። አልሙኒየም ግን የተጫረበት ወይም የታጠፈበት ቦታ ላይ ስንጥቅ ይዞ ቆይቶ በድንገት ይሰበራል። ስለዚህ ወድቆ የታጠፈ የአልሙኒየም መሪ አይቃናም፤ ይጣላል። ስሙ ያልተጻፈበት፣ የቅይጡ ቁጥር የሌለበት ርካሽ አልሙኒየም ከሚገዙ የታወቀ የብረት መሪ ይግዙ። ባለ አንድ ሲሊንደር ሞተር ላይ ቀጭን አልሙኒየም ንዝረትም ያበዛል፤ ጫፎቹ ላይ ከባድ የብረት ክብደት ሲገባ ንዝረቱ ይቀንሳል።

ክሊፕ ኦን

ሁለት አጫጭር ዘንጎች ሆነው በቀጥታ የፊት አሞርዛተሩን ቱቦዎች አቅፈው የሚታሰሩ ናቸው። ቲቪኤስ አፓቼ አርቲአርን የመሳሰሉ ከፋብሪካው በሁለት የተከፈለ መሪ ይዘው የሚመጡ ሞተሮች አሉ፤ እነዚህ ላይ ካቦውም፣ ታንኩም፣ የመሪው ማቆሚያም (መሪው ከልኩ በላይ እንዳይዞር የሚያግደው ብረት) ለዚያ ታስቦ ተሠርቷል። መደበኛ ሞተር ላይ ሲገጠም ግን ሁሉም ነገር ይጋጫል። የቱቦው ውፍረት በትክክል መለካት አለበት፤ የ1 ሚሊ ሜትር ልዩነት እንኳ አያይዝም። መሪው ሲዞር አውራ ጣት በማንሻውና በታንኩ መካከል ይቀረቀራል፤ በሁለቱም አቅጣጫ ሙሉ በሙሉ ዞሮ በእጅና በታንክ መካከል ቢያንስ 2.5 ሴንቲ ሜትር ክፍተት ከሌለ ማቆሚያው ላይ ብረት በብየዳ መጨመር ያስፈልጋል። ያ ደግሞ የመዞሪያውን ስፋት ያሰፋዋል። የፍሬን ማስተሩ (መሪው ላይ ያለው የዲስክ ፍሬን ዘይት መያዣና መግፊያ) ወደ ውስጥ ያዘነብላል፣ ካቦዎቹ ሁሉ ያጥራሉ፣ የፍጥነት መለኪያውም ቦታ ያጣል። ለውድድር ወይም ለትርኢት ካልሆነ አይመከርም።

ኤፕ ሃንገር የሚባለው፣ እጅ ከትከሻ በላይ የሚያወጣው ረጅም መሪ ደግሞ ካቦውን፣ ቱቦውንና ሽቦውን ሁሉ ያስቀይራል። ለትንሽ ሞተር አይሆንም።

ካቦው ሲያጥር፣ ካቦው ሲረዝም

ያጠረ ካቦ አይቀጠልም። ሽቦን ከሽቦ በሊድ በይዶ ወይም በቡሎን አጣብቆ ማስረዘም የፊት ፍሬን ላይ ነፍስ ያስከፍላል፤ ጋዝ ላይም ሞተሩ እንደጮኸ እንዲቀር ያደርጋል። አዲስ ካቦ ሲያሠሩ ወይም ሲፈልጉ ሁለት ቁጥር ያስፈልግዎታል። አንደኛው የሽፋኑ ርዝመት ነው፣ ከጫፍ ቆብ እስከ ጫፍ ቆብ። ሁለተኛው ሽፋኑ ወደ አንድ ወገን ተገፍቶ፣ ማስተካከያው ሬጅስትሮ እስከ መጨረሻው ገብቶ ሳለ በሌላው በኩል ራቁቱን የሚታየው የሽቦ ርዝመት ነው። ሽፋኑን ስንት እንደሚያስረዝሙት የእርስዎ ምርጫ ነው። ሁለተኛው ቁጥር ግን ከአሮጌው ጋር እኩል መሆን አለበት። ካቦ ሠርተው ከሚያመጡ ሰዎች ጋር የሚፈጠረው አለመግባባት በአብዛኛው ሁለተኛው ቁጥር ስላልተነገራቸው ነው።

የረዘመ የጋዝ ወይም የፍሪሲዮን ካቦ ማሳጠር ይቻላል። ሽቦው መጀመሪያ ከሽፋኑ ይወጣል፤ ለዚህ ከሁለቱ ራሶች አንዱ ይቆረጣል። ሽፋኑን በፒንሳ አይቁረጡ፤ ጠምዛዛው ብረት ይጨፈለቅና ወደ ውስጥ የሚገባ ጥርስ ይፈጥራል፤ ያ ጥርስ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ሽቦውን ይበላዋል። በመቁረጫ ድንጋይ ይቆረጥ፣ ጠርዙ በሊማ ይስተካከል፣ ውስጡ ያለው ነጭ ፕላስቲክ ከቀለጠ በወስፌ ይከፈት፣ ቆቡ ይመለስ። ከሽፋኑ 6 ሴንቲ ሜትር ከቀነሱ ከሽቦውም ልክ 6 ይቀንሳሉ። ሽቦውን ከመቁረጥዎ በፊት የሚቆረጠውን ቦታ በሊድ ቢያርሱት ክሮቹ አይበተኑም።

አዲሱ የነሐስ ራስ አንድ ወገኑ ሾጠጥ ብሎ የሰፋ ቀዳዳ ሊኖረው ይገባል። ሽቦው ካለፈ በኋላ ክሮቹ በመርፌ ይበተኑና በሰፊው ቀዳዳ ውስጥ እንደ አበባ ይከፈታሉ። ቅባቱ በቤንዚን ይታጠባል፣ ማጽጃ አሲድ ይቀባል፣ ከዚያ ሊዱ እስኪሞላ ይፈስበታል። የሚይዘው ሊዱ ብቻ አይደለም፤ የተበተኑት ክሮች በጠባቡ ቀዳዳ ተመልሰው ማለፍ ስለማይችሉ ነው። ሳይበተን በቀጥታ የተበየደ ራስ አንድ ቀን ሸርተት ብሎ ይወጣል። ሲያልቅ ራሱን በሞርሳ አስረው በሙሉ ክብደትዎ ይሳቡት።

የፊት ፍሬን ካቦ ላይ ግን ይህን አያድርጉ። እዚያ በልኩ የተሠራ ካቦ ይገዛል፣ አለዚያ መሪው ይቀየራል።

የካቦው መንገድ

ከመፍታትዎ በፊት ከፊት፣ ከግራ፣ ከቀኝና ከላይ ፎቶ ያንሱ፤ ሲገጥሙ ይፈልጉታል። በአጠቃላይ ካቦዎቹ ከመሪው ወርደው በአሞርዛተሮቹ መካከል፣ የመሪውን አንገት በሰፊ ቅስት አቅፈው ወደ ታንኩ ሥር ይገባሉ። በመሪው ማቆሚያና በሻሲው መካከል ምንም ነገር ማለፍ የለበትም፤ መሪው በዞረ ቁጥር ይቆነጥጠዋል፤ የሚቆረጠውም አብዛኛውን ጊዜ የሽቦ ጥቅሉ ነው። ወደ ግራ ሲዞር መብራት የሚጠፋ፣ ሲመለስ የሚበራ ሞተር ካዩ መጀመሪያ እዚያ ቦታ ይመልከቱ።

ቅስቱ ከቡጢ ጠበብ ያለ መሆን የለበትም። ካቦው ከሲሊንደሩ ራስና ከጭስ ማውጫው ይራቅ፤ ሙቀት የውስጡን ፕላስቲክ ያለሰልሰዋል፣ ሽቦውም ይጣበቃል። ካቦን በፕላስቲክ ማሰሪያ አጥብቆ ከሻሲ ጋር ማሰር ቆንጆ ይመስላል፤ ነገር ግን መሪው ሲዞር ሽፋኑ ጥቂት ወደ ፊትና ወደ ኋላ መንሸራተት አለበት። ማሰሪያው ውስጥ ካቦው በጣት ሲገፋ መንቀሳቀስ ካልቻለ ጠብቋል ማለት ነው። ከአሮጌ ካላማዳሪ የተቆረጠ የላስቲክ ቀለበት ለዚህ ከፕላስቲኩ ይሻላል፤ ይለጠጣል፣ ቀለምም አይፍቅም። የማብሪያ ማጥፊያዎቹን ሽቦ ከመሪው ጋር በሁለት ቦታ ማሰር ተገቢ ነው፤ የጋዝ ካቦን ግን ከሽቦ ጥቅሉ ጋር አብረው አይጠቅልሉ።

የኤሌክትሪክ ሽቦ ማስረዘም ካስፈለገ በያንዳንዱ ላይ መቀጠያው በተለያየ ርቀት ይሁን፣ በሊድ ይበየድ፣ በሙቀት በሚጠብብ ቱቦ ይሸፈን። መቀጠያው በመሪው አንገት አጠገብ እንዳይውል፤ በሊድ የተበየደ ሽቦ ሲተጣጠፍ ሊዱ ያበቃበት ላይ ይሰበራል። ሽቦውን መሪው ውስጥ ለማሳለፍ ትልቅ ቀዳዳ መብሳት የመልክ ሥራ ነው፤ ቀዳዳው መያዣው አጠገብ ከሆነ መሪውን ያዳክመዋል።

ሲገጠም

ባትሪውን ከኔጋቲቩ ይንቀሉ፣ ታንኩን በብርድ ልብስ ይሸፍኑ። የካቦ ሬጅስትሮዎቹን ሁሉ እስከ መጨረሻ ያስገቡ። አሮጌው ላስቲክ በቀጭን ካቻቢቴ ጠርዙ ተነስቶ የሳሙና ውሃ ሲገባበት ይወጣል። የዲስክ ፍሬን ካለ ማስተሩን ከነዘይቱ ቀጥ አድርገው ያንጠልጥሉት፤ ከተገለበጠ አየር ይገባል። የፍሬን ዘይት ቀለም ይበላል፤ ቢንጠባጠብ ወዲያው በውሃ ይታጠብ።

የመያዣው ክዳኖች ላይ ነጥብ ወይም ቀስት ካለ ወደ ፊት ይዞራል። በብዙ የጃፓን ሞተሮች የፊቶቹ ቡሎኖች መጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይጠብቃሉ፣ ከዚያ የኋላዎቹ፤ ክፍተቱ ከኋላ በኩል ብቻ ይቀራል። ምልክት ከሌለ ፊትና ኋላ ያለው ክፍተት እኩል እንዲሆን በየተራ ይጠብቃል። ለ8 ሚሊ ሜትር ቡሎን 20 እስከ 25 ኒውተን ሜትር የተለመደ ልክ ነው፤ የሞተሩ መመሪያ ሌላ ካለ መመሪያው ይከበር። የማንሻ መያዣዎቹ ትንንሽ ቡሎኖች ግን 10 ኒውተን ሜትር አካባቢ ይበቃቸዋል። በእጅ ኃይል ሲገፋ የማይዞር፣ ሞተሩ ሲወድቅ ግን የሚዞር ያህል መሆን አለበት፤ ያኔ ማንሻው አይሰበርም።

የማብሪያ ማጥፊያ ቤቱ ውስጥ ወደ መሪው ቀዳዳ የምትገባ አጭር ጥርስ አለች። አዲሱ መሪ ቀዳዳ ከሌለው ብዙዎች ጥርሷን በሊማ ያጠፏታል። በግራ በኩል ችግሩ ትንሽ ነው። በቀኝ በኩል ግን የጋዝ መጠምዘዣው ቤት አብሮ ስለሚዞር ካቦውን ይስበዋል፤ እዚያ መሪው ይበሳ። ቦታውን በቀለም ምልክት አድርገው፣ በትራፓኖ ከጥርሷ ጋር እኩል በሆነ ፑንታ አንድ ግድግዳ ብቻ ይብሱ፣ ጠርዙን ያለስልሱ።

የጋዝ መጠምዘዣው ቱቦ የሚሽከረከርበት መሪ ንጹሕና ደረቅ ይሁን፤ ግራሶ አቧራ ይሰበስባል። ጫፉ ላይ ክብደት ካለ በክብደቱና በላስቲኩ መካከል ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይተዉ። ጋዝ ተይዞ የሚቀርበት አንዱ ቀላል ምክንያት ይህ ክፍተት አለመኖሩ ነው። የካቦ ራሶቹን በማንሻው ቀዳዳ ውስጥ ግራሶ ይቀቧቸው፤ ራሱ ደርቆ ካልዞረ ማንሻው በተሳበ ቁጥር ሽቦው ራሱ ሥር ይታጠፍና ክር በክር ይበጠሳል። በስፖኪዮ በኩል ደግሞ ያማሃ ላይ የቀኙ ስፖኪዮ ፊሌቶ ወደ ግራ የሚጠብቅ መሆኑን ይወቁ፤ በግድ ሲፈቱት ይበላሻል።

ማስተሩ አዲሱ መሪ ላይ ሲታሰር መሪው ቀጥ ብሎ ሳለ ክዳኑ ከመሬት ጋር ትይዩ ይሁን። የዘይት ቱቦው ካጠረ ረዘም ያለ ይገዛል፤ የቱቦውን ራስ የሚያስረው ባለ ቀዳዳ ቡሎን ከላይና ከታች አዲስ ሮንዴላ ያስፈልገዋል። ከዚያ መመሪያው የሚያዘው ዘይት፣ አብዛኛውን ጊዜ ዶት 4፣ ተሞልቶ ማንሻው እስኪጠነክር አየሩ ይወጣል።

መንገድ ላይ ከመውጣትዎ በፊት

ባዶ ጉዞ የሚባለው ማንሻው ሥራ ከመጀመሩ በፊት የሚሄደው ነው። ፍሪሲዮን ላይ በማንሻው ጫፍ ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሜትር ይተዋል፣ በታምቡር ፍሬን ከ20 እስከ 30፣ በጋዝ መጠምዘዣው ዙሪያ ከ2 እስከ 6። ሞተሩን በገለልተኛ ማርሽ አስነስተው በሚኒሞ፣ ማለትም ጋዝ ሳይነካ በሚሠራበት ዝቅተኛ ፍጥነት፣ ይተዉት። መሪውን ቀስ ብለው ከዳር እስከ ዳር ያዙሩ። ድምፁ በትንሹም ቢሆን ከጨመረ የጋዝ ካቦው የሆነ ቦታ ይወጠራል፤ ሚኒሞውን ቀንሶ ድምፁን ማጥፋት መፍትሔ አይደለም፣ መንገዱ ይቀየር። ሞተሩን አጥፍተው ጋዙን ሙሉ ከፍተው ይልቀቁት፤ መሪው በግራም፣ በቀኝም፣ በመሃልም ሲሆን ጠቅ ብሎ መመለስ አለበት። የፊት ፍሬኑን ይዘው መሪውን በኃይል ወደ ታች ይጫኑት፤ በመያዣው ውስጥ ከዞረ ቡሎኑ ወይም ልኩ ስህተት ነው።

ለዓመታዊ ቦሎ ምርመራ ፍሬቻ፣ ክላክስና ስፖኪዮ መሥራት አለባቸው፤ መሪ ሲቀየር ስፖኪዮ ሳይመለስ መቅረቱ የተለመደ ነው። ጀርመን የሚኖር አንባቢ የሚገዛው መሪ አቤኤ (ABE) የሚባለውን የፈቃድ ወረቀት ይዞ መምጣቱን ያረጋግጥ፤ ከሌለው በምርመራ ጣቢያ ማስመዝገብ ይጠበቅበታል፣ ለምሳሌ በቲዩፍ። አሜሪካ ውስጥም በርካታ ግዛቶች የመሪውን ከፍታ ከአሽከርካሪው ትከሻ ጋር አያይዘው ይገድባሉ።

አዲስ ካቦ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቦታውን ሲይዝ ይላላል፤ የፍሪሲዮኑንና የፍሬኑን ባዶ ጉዞ ከአንድ ሳምንት በኋላ እንደገና ይለኩ። የመያዣውን አራት ቡሎኖችም በዚያው ቀን ይንኳቸው።